ለበረረ አይለቀስም

ደክሞት የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ሌላ ደካማ ሊያጽናና ሲሄድ ማየት እንዴት ያሳዝናል! ኛሙዎን ግን ማንም አልገፋኝም ባይ ናት። እውነቷን ነው፤ እጇን አውጥታ "እኔም እሄዳለሁ" ያለችው ራሷ ነች።

ነገሩ በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። ጋምቤላ ከተማ ያለችው የነኛሙዎን ጸሎት ቤት በደርግ ታሽጋ፣ አግዳሚ ወንበሮቿ ለስብሰባ አዳራሽ ከተወሰዱ ቆይተዋል። ምእመናኑ በየሰው ጓዳ እየተጠራሩ መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምራሉ። በሹክሹክታ ዘምሮ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጮኾ ከመዘመር ይልቅ ያደክማል። በዚያው ሰሞን ከሱዳን ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ፑኝዶ ካምፕን አጥለቀለቀው። ያኔ ዘውዱ የሚባል ድሬሰር "ለጤና ትምህርት ነው" ብሎ ኛሙዎንን ጨምሮ ጥቂት ሴቶችን በእርዳታ መኪና ከጋምቤላ ጭኖ አመጣ። ውሸቱን አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ስለ ተቅማጥ ያስተምራቸዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ለሕፃናት ፋፋ በሚበጠበጥበት ዳስ ውስጥ፣ በር ላይ ሰው አቁሞ፣ የታመመና ያዘነ ሰው እንዴት እንደሚጎበኝና እንደሚጸለይለት ይነግራቸዋል።

ዘውዱ የወለጋ ሰው ነው፤ ከክሊኒክ ሥራው ሌላ የዚያችው የታሸገች ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። በሽተኛ ሲያገላብጥ ስለሚያድር ሲያስተምር ዐይኑ ይከደናል።

"ስሙኝ እንግዲህ" ይላል እያዛጋ። "ያዘነ ሰው ቤት ስትገቡ ስብከት አታስቀድሙ። 'እግዜር ያመጣው ነው፣ ቻይው' ብላችሁ አፏን አትዝጉባት። ተቀመጡ፣ ስሙ፣ እንድታለቅስ ፍቀዱላት። ታምቆ የቀረ እንባ ሰው ይጥላል። ደግሞ አደራ፣ የራሳችሁን ሐዘን ደጅ ትታችሁ ግቡ። እሷ እናንተን የምታጽናናበት አቅም የላትም።"

ይህቺን የመጨረሻዋን ኛሙዎን ወደደቻት። ደጅ የምተወው ሐዘን የለኝም ብላ ነዋ! ልጇ ቢየል አልሞተም። ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ መሀል ታፍሶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት ሞላው። አብረውት የታፈሱት ልጆች ወሬያቸው መጥቷል፤ የሞተውም ሞቷል፣ የቆሰለውም ቆስሎ ተመልሷል። የሱ ብቻ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ኩዌት የሚባለው የባሏ ወንድም "ልጁ የለም፤ በደንቡ እናልቅስለትና ይውጣልሽ። ቁርጥ ያጠግባል" እያለ ይነዘንዛታል። እሷ ወይ ፍንክች! በነሱ በኑዌሮች ዘንድ ርቆ የጠፋ ሰው አንዴ ከተለቀሰለት አበቃ። ከዚያ ወዲያ በገዛ እግሩ እየሄደ ቢመጣ እንኳ ከሙታን ነው የሚቆጠረው።

"እኔ ልጄን በገዛ አፌ አልገድልም" ትላለች።

ባሏን አልቅሳ ቀብራለች፤ እናቷንም እንዲሁ። ለቢየል ግን አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። ሲመጣባት ትውጠዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንባ መዋጥ ቀላል መስሎ የታያችሁ ካላችሁ ሞክሩት። ፊቷ ከስሏል፣ እንቅልፍ ከዐይኗ ርቋል፤ ቢሆንም የልጇ ሕይወት በሷ ደረቅ ዐይን ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስላት።

እንድትጎበኛት የተሰጠቻት ሐዘንተኛ ኛኪየር ትባላለች። ገና ልጅ እግር ናት፤ መንታ ታቅፋ ከድንበር ማዶ በእግሯ የመጣች። ካምፕ በገቡ ሰሞን ወንዱን መንታ ትኩሳት ነጠቃት። ከዚያን ቀን ጀምራ አትናገርም፣ አታለቅስም፣ እህል በአፏ አይዞርም። ጡቷ ነጠፈ። የቀረችው ሴቷ ሕፃን ደግሞ ፋፋውን እያስመለሰች መነመነች።

"እናትየዋን ወደ ሰው መልሱልኝ" አለች አልማዜ። ፋፋውን የምትበጠብጠው፣ ከጎንደር የመጣች ጤና ረዳት ናት። "እናቲቱ ካልበላች ልጂቱም መሄዷ ነው። እኔ የጠፋ ወተት ከየት አመጣለሁ?"

ኛሙዎን ሄደች። ከተማ ያደገች፣ ሚሲዮን ግቢ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ የተማረችውንም አልረሳችም። ጭቃውን አቋርጣ የኛኪየር ጎጆ ገባች፤ ተቀመጠች፤ ዝም አለች። ከዚያ ጋሽ ዘውዱ በአማርኛ ያስጠናትን አንድም ሳታስቀር ወደ ኑዌርኛ መለሰችው።

"የእናቴ ልጅ፣ ልጅሽ መሞቱን ሰምቼ ነው የመጣሁት። አልቅሺ፤ እኔ አብሬሽ አለሁ።"

ምነው አፏን በቆረጠው! ኛኪየር የሕፃኗን ሁለት ጆሮ በመዳፎቿ ግጥም አድርጋ ደፈነችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረች ጎረቤቷ፣ አሮጊቷ ኛዌች፣ ብድግ ብላ ኛሙዎንን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

"ውጪልን! መንታ ይሞታል እንዴ? ማን ነው ያሳደገሽ አንቺን?"

ኛሙዎን ደጅ ስትደርስ ነው ትዝ ያላት፤ ሀፍረቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ ወረራት። መንታ ወፍ ነው። ወፍ በረረ ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም፤ ለበረረም አይለቀስም። ከተለቀሰለት የቀረው መንታ ተከትሎት ይበራል ይላሉ። እናቷ ነግራታለች፤ ሚሲዮኑ የድሮውን ነገር ተዪ ሲላት ጊዜ እሷም ይህንን ከሌላው ጋር ጥላው ነበር። እነሆ፣ ልታጽናና ገብታ በሕፃኗ ላይ ሞት ጠርታ ወጣች።

ዳሱ ውስጥ ለዘውዱ ሁሉንም ነገረችው። ግንባሩን በእጁ ደግፎ ሰማት።

"አልቅሺ ካልናት ልጄን ልታስገድሉብኝ ነው ትላለች። አታልቅሺ ካልናት እሷም ልጇም ማለቃቸው ነው። እና ምን ይሻላል ትያለሽ?"

"እንጃ፣ ጋሽ ዘውዱ።"

"እኔም እንጃ" አለ። "ይኸን ያስተማረኝ የለም።"

አልማዜ ባልዲዋን እያጠበች ትሰማ ነበር። "እኔ እመቤቴን እንጂ የናንተን ኮርስ አላውቅም" አለች። "ግን በኛ አገር ሴት የራሷን የምታለቅሰው ሰው ለቅሶ ሄዳ ነው። ለጎረቤት ባል ያን ያህል ደረት የሚደቃው ሁሉ ለጎረቤት ባል መሰላችሁ? ለቅሶ ቤት ውሰዷታ!"

"ከጎጆዋ አልወጣም ብላለች።"

"እንግዲያው ለቅሶው ወደሷ ይሂዳ!" አለችና ባልዲዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በማግስቱ ኛሙዎን ተመለሰች። ኛዌች በሩ ላይ ቆማ ገላመጠቻት።

"ደግሞ ምን ልትይ መጣሽ?"

"ለሷ የምለው የለኝም፣ እማማ። የራሴን ሐዘን ላለቅስ ነው። ማልቀሻ ቦታ አጣሁ።"

ማልቀሻ ቦታ አጣሁ ያለን ሰው ማን ይመልሳል? አሮጊቷ መንገድ ለቀቀችላት። ኛሙዎን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ የባሏን ስም ጠርታ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አወጣች፣ ራሷን ወዘወዘች፤ እንባው ግን የለም። ለባሏ የነበራትን ድሮ አልቅሳ ጨርሳዋለች። ወደ እናቷ ዞረች፤ የሷም አልቋል። ጉሮሮዋን እያስገደደች ስትጮህ ኛኪየር ቀና ብላ አየቻት። ልጇ ከበረረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

"እንባ የለሽም። አትቀልጂብኝ።"

ሕፃኗ የነጠፈውን ጡት ጎርሳ ሳበች፤ ምንም የለም፤ ለቀቀችው። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ እንኳ አልወጣትም። አፏን እንደ ከፈተች ቀረች።

ኛሙዎን ተነሥታ መሄድ ትችል ነበር። የጋምቤላው መኪና ከሰዓት ይነሣል፤ ሞክሬ አልሆነልኝም ብትል የሚወቅሳት አልነበረም። እንባ ግን አላት፤ አንድ ያልተነካ ሐዘን ሆዷ ውስጥ ሞልቷል፤ የማን እንደሆነም ታውቃለች። አይሆንም አለች በልቧ። ቢመጣስ? ነገ የቤቴን በር ከፍቶ "እማዬ" ቢለኝስ? ጌታ ሆይ፣ ከኔ ሌላ ሰው አጣህ? እንዴት አንተ ራስህ ይኸን ትጠይቀኛለህ? ተናደደች፣ እግዜርንም ተቀየመችው። ሕፃኗ አፏን ገጠመችው፤ እንደገና ከፈተችው።

"ቢየል!" አለች ኛሙዎን።

"ቢየል! ልጄ! አንተ ልጄ!" ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት? ሁለት ዓመት የዋጠችው እንባ አንድ ላይ ገነፈለ። ሳትሸኘው መታፈሱን፣ ራቱን ሳይበላ መሄዱን፣ በማን አገር አፈር ላይ እንደወደቀ አለማወቋን እየጠራች፣ ግንባሯን ከመሬት አጋጭታ አለቀሰች። ኛዌች ሮጣ ገባች።

"ማንን ነው? ማንን ነው የምታለቅሺው?"

"ልጄን! ቢየልን! ልጄ ሞተ!"

አሮጊቷ ደጅ ወጥታ እሪ አለች። የአካባቢው ሴቶች ከየጎጇቸው እየወጡ ገቡ። ቤቱ የቢየል ለቅሶ ቤት ሆነ፤ የመንታውን ነገር ያነሣም የለ። ኛኪየር መሀላቸው ሆና ወዲያና ወዲህ አየች። "ቢየል" አለች መጀመሪያ ቀስ ብላ። ቀጥላም በዐይኗ አይታው የማታውቀውን ጎልማሳ ስም እየጠራች፣ ሕፃኗን ከደረቷ እንደያዘች ጮኸች። "ቢየል! የት ጥለኸኝ ሄድክ! ክንድህ ትንሽ ነበር!" ሴቶቹ ሰሙ፤ የጎልማሳ ክንድ እንዴት ትንሽ ይሆናል ያለ ግን አልነበረም። ሁሉም አብሯት አለቀሰ።

ብዙ አለቀሱ። ሲደክማቸው ተዉት፤ ሴቶቹም አንድ በአንድ ወጡ። አልማዜ የለቅሶውን ድምፅ ሰምታ ፋፋ በጆግ ይዛ መጥታ ነበር፤ አንድም ቃል ሳትናገር አስቀምጣው ተመለሰች። ኛኪየር ጆጉን አንሥታ ጠጣች። አረፈች፤ ደግማ ጠጣች። ወተቱ በአንድ ቀን እንደማይመለስ ኛሙዎን ታውቃለች፤ ቢሆንም ጉሮሮዋ ወደ ታች ሲል አየች። ይኸን በማየቷ መደሰት እንዳለባት አሰበች፤ ደስታው ግን አልመጣላትም። ሰውነቷ ባዶ ሆኗል።

ኛኪየር አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አሁን በደንብ አየቻት፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሰው።

"የቢየል እናት" አለቻት። "ልጅሽ መቼ ነው የሞተው?"

ኛሙዎን ግንባሯ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈች።

"ዛሬ" አለች።

ኛኪየር ሕፃኗን ወደ አንድ ጎኗ አዛውራ፣ ምንጣፏ ላይ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት።