ትንፋሽ ያጣው ታንከር

ከኩልመስክ ወጥተው ሁለተኛውን ዳገት ሲያጋምሱ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ሾፌሩ ሀብተ ሥላሴ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። አጠገቡ የተቀመጡት አቶ አረጋ ሳይነገራቸው ወርደው ከኋላው ጎማ ሥር ድንጋይ ደገፉ። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሦስተኛው ስለሆነ ሥራውን ለምደውታል።

አቶ አረጋ በላሊበላ የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። መኪናዋም የማኅበሩ ናት፤ በብዙ እጅ ያለፈች አሮጌ ፒክአፕ። ከወልዲያ የተጫነ አሥራ ሁለት ጆንያ የገብስ ዘር ይዛለች። ዝናቡ ጥሏል፤ ገበሬው በሬውን ጠምዶ ዘሩን ይጠብቃል።

ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ መኪናዋ መንገድ ላይ ሳትቆም የተመለሰችበት ጊዜ የለም። ዘመኑ ደግሞ የቆመን መኪና ተበላሸ ብሎ የሚያልፍ አልነበረም። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፣ የታመመችው መኪናዋ ናት ወይስ ሾፌሩ ብሎ ጠይቆ፣ ዘሩ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልገባ ጉዳዩ እንደ አሻጥር እንደሚታይ ተናግሮ ነበር። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ ሀብተ ሥላሴ ያውቃል። ትናንት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ አልጣሽ ጋቢና ግማሽ ቁና በሶ ቋጥራ ሰጠችው። ለሁለት ቀን መንገድ ያን ያህል በሶ እንደማይቋጠር ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ኮፈኑን ከፈተ። ካንዴላውን ነቅሎ አየ፤ እሳት ይሰጣል። ከቤንዚን ታንከሩ ወደ ፖምፓው የሚመጣውን ቱቦ ፈታ፤ ጠብ የሚል ቤንዚን የለም። ቀደም ባሉት ሁለት ጊዜያት እንዳደረገው ቱቦውን በአፉ ሊነፋ ጎንበስ አለ። ሲነፋው ትነሳለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። ቆሻሻ ነው ብሎ ታንከሩን አውርዶ በታችኛው ቀዳዳ በኩል አጥቦት ነበር፤ ምንም አልወጣውም።

«ቤንዚኑ አልቆ ነው» አሉ አቶ አረጋ። «አልቆ ከሆነ ደግሞ የት ሄደ?»

ሀብተ ሥላሴ ቱቦውን ከአፉ አወረደ። የፈራው ጥያቄ ይኸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ቤንዚን ይሰረቃል የሚል ወሬ ሲነሳ፣ አቶ አረጋ ከካላማዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የተቆረጠ ጎማ የታንከሩ ክዳን ሥር አስገብተው፣ ክዳኑን በሽቦ አስረው፣ በሰም አትመውበታል። የሚቀዳው ከማኅበሩ በርሜል፣ እሳቸው ባሉበት ብቻ ነው። ስለ ማኅተሙ ማንሳት ቤንዚን መፈለግ ስለሚመስል፣ ሀብተ ሥላሴ ስሙን እንኳ ጠርቶ አያውቅም። አሁን ግን የሚፈራው ነገር አለቀበት።

«ቃሌን አይመኑ፣ አቶ አረጋ። ይክፈቱትና በእንጨት እንለካው» አላቸው።

ሽማግሌው ሰሙን በቢላዋ ፈቀፈቁ፤ ሽቦውን ፈቱ። ክዳኑን ሲያዞሩት ታንከሩ ረጅም ፉጨት አሰማ፤ ውኃ ውስጥ የቆየ ሰው ብቅ ብሎ እንደሚስበው ትንፋሽ። አቶ አረጋ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምንድን ነው?»

«አየር ነው። እየገባ ነው።»

ያስገቡት እንጨት ከግማሽ በላይ ረጥቦ ወጣ። ሀብተ ሥላሴ ቱቦውን መልሶ አስሮ ገባና ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ትንሽ አንገራግሮ ተነሣ። በአፉ የነፋው ትንፋሽ ለምን ያስነሳት እንደነበረ አሁን ገባው።

ወርዶ አስረዳቸው። ቅል ውኃ ተሞልቶ አፉ ቢደፈንና ከሥር ቢበሳ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቃቸው። ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል አሉ። ታንከሩም እንደዚያው ነው፤ ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ በክዳኑ ሥር አየር መግባት አለበት፤ ጎማው ግን ደፍኖታል አላቸው። አቶ አረጋ የሰሙትን አመኑ ለማለት አይቻልም። ክዳኑን እንደ ቀድሞው ዘግተው እንዲሄዱ ጠየቁት። ሄዱ። ዳገቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ብዙም ሳይርቁ ሞተሩ አሳለ። አቶ አረጋ ራሳቸው ወርደው ክዳኑን ከፈቱ፤ ፉጨቱን ጎንበስ ብለው አዳመጡ። መኪናዋ ተነሳች።

ሽማግሌው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ እኔ ነኝ» አሉ።

ሀብተ ሥላሴ ደረቱ ላይ የተጫነው ሁሉ ወርዶለት፣ ሳቅና ልቅሶ እኩል ይታገሉት ነበር። ወዲያው ደግሞ አልጣሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥታ እንደከረመች ትዝ ብሎት ተናደደ። ጎማውን ከክዳኑ ነቅሎ ወረወረው፤ ክዳኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በምስማር በሳው። መዶሻውን ሲመታ ንዴቱ ቀስ በቀስ አለቀ። ሽማግሌው ለማኅበሩ ንብረት ሲሉ እንዳደረጉት ያውቃል፤ ከመኪና ይልቅ በሬ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«ማን ደፈነው ብለው ይጠይቁሃል» አሉት።

«ይጠይቁኛል።»

ከዚያ በኋላ መኪናዋ አንዴም ሳትቆም ላሊበላ ገባች። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ከብልባላ የመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስበዋል፤ ጆንያው ሳይወርድ አንድ ሰው እጁን ከትቶ ገብሱን በጥርሱ ሞከረ።

ወዲያው በተጠራው ስብሰባ ላይ ካድሬው ደብተሩን ገልጦ የብልሽቱን ምክንያት ጠየቀ።

«የታንከሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ነው» አለ ሀብተ ሥላሴ። «ተከፍቷል።»

«ማን ደፈነው?»

አቶ አረጋ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሱ አግዳሚውን ተደገፉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ ግን መነሳታቸው ነው። ሀብተ ሥላሴ ቀደማቸው።

«ጭቃ ነው፣ ጓድ» አለ። «መንገዱን ያውቁታል።»

ካድሬው ለአፍታ አየው። ውጭ ገበሬዎቹ ጆንያ እየተቀባበሉ አህያ ሲጭኑ ይሰማል። «ጭቃ» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።