የተነቀለው በር

የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ ከአመራር ስልጠና በተመለሰ ማግስት አናጢ አስጠርቶ የቢሮውን በር አስነቀለ። አሰልጣኙ «የጥሩ መሪ በር ለሠራተኛው ክፍት ነው» ብሎ ነበርና፣ ሰውዬው ደግሞ አንዴ ነገር ከያዘ ሙጭጭ ነው። የተነቀለው በር እቃ ቤት ገባ። ሠራተኞቹም «ጋሽ ክፍቱ» የሚል ስም አወጡለት፤ ሲሰማ ደስ አለው እንጂ አልከፋውም።

ደስታው የዘለቀው ገምጋሚዋ እስክትመጣ ነው። ስልጠናው የፈየደው ነገር እንዳለ ልትመዝን ተልካለች፤ ለውጥ ያላሳየ ኃላፊ ከወንበሩ ይነሳል ተብሏል። ጋሽ ክፍቱ ያለዚያ ወንበር ምን እንደሚሆን አስቦት አያውቅም። ግን በሩን ነቅሏል፣ ምን ያስፈራዋል?

«ችግሩን ሊያማክርዎት የመጣ ሠራተኛ አለ?» አለችው።

«በር እንኳ የለኝም እኮ፣ እህቴ።»

«እሱን አይቻለሁ። የመጣ አለ ወይ?»

ቢያስብ ቢያስብ ማንም የለም። ጸሐፊዋ እንኳ ፊርማ አስፈርማ ውልቅ ነው።

ገምጋሚዋ ሠራተኞቹን ለየብቻ ለማነጋገር እቃ ቤት ገባች፤ ሌላው ሁሉ ክፍት አዳራሽ ነው፣ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል እሱ ብቻ ነዋ። ወዲያው ሰልፉ ኮሪደሩን ሞላው። ጸሐፊዋ ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ ጋሽ ክፍቱን አንጀቱን በላችው፤ እውነቱን ለመናገር ቀናም።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?»

ወደተሰለፉት ዞር ብላ አየችና ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ይኼኔ ገባው። ሰው ሆዱን በአገር ፊት ይዘረግፋል እንዴ? ምን ነካኝ ብሎ ራሱን ያዘ።

ገምጋሚዋም አልሸነገለችውም። «እስካሁን ስልጠናው ጠብ ያደረገው ነገር የለም። ተመልሼ አይቼ ነው የምወስነው» ብላው ሄደች።

አናጢው ሳቁን እየዋጠ በሩን መልሶ ገጠመው። መጀመሪያ የገባችው ጸሐፊዋ ናት። ከኋላዋ ዘጋችና እናቷ ታማ ከተኛች መክረሟን፣ ሆስፒታል እያደረች በዚያው ሥራ እንደምትገባ ነገረችው። በራሱ ተናደደ። የሥራ ሰዓቷን እዚያው ሲያስተካክልላት እያለቀሰች ሳቀች።

ገምጋሚዋ ስትመለስ የጋሽ ክፍቱ በር ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ አግዳሚው ላይ ሰው ተደርድሯል። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ጸሐፊዋ ቀና አለች።

«ይቅርታ፣ ኃላፊው ሰው ይዘዋል። ተራዎን ይጠብቁ።»

ገምጋሚዋ ፈገግ አለችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።