ለሽማግሌው የተላከ ዓይን

ኤርሚንዳ ወንድሟን የጭፈራ ክበቡ በር ላይ አስቁማ ፈተሸችው። ብብቱን፣ ወገቡን፣ ካልሲውን ሳይቀር ዳበሰች።

"ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?" አለ ሳቱርኒኖ እጁን ዘርግቶ እየሳቀ። "እስር ቤትም እንዲህ አልበረበሩኝ።"

"ተመልሰህ እንዳትገባ ነው። ማልልኝ።"

"በእናታችን መቃብር። ግን ያ ውሻ ከመጣ..."

"ቢመጣም!"

ቢላዋውን ጠዋት ከትራሱ ሥር አውጥታ ወንዝ ውስጥ ጥላበታለች። ሁለተኛ ደም ካፈሰሰ ከእስር የሚወጣው ሬሳው ብቻ መሆኑን ዳኛው ነግሮታል። ከእሱ ሌላ ደግሞ ዘመድ የላትም።

የአቬያኔዳ ሰፈር የእሑድ ከሰዓት ጭፈራ ደርቷል። ሴቶቹ በአንደኛው ግድግዳ፣ ወንዶቹ ፊት ለፊታቸው ተደርድረዋል። ታንጎ ልጨፍር የሚል ወንድ አፉን አይከፍትም። ከሩቅ ዓይን ይፈልጋል፣ ሲያገኝ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። ያልፈለገች ፊቷን ታዞራለች፤ ማንም አያፍርም። ዓይኗን ሰጥታው ከተነሣ በኋላ እምቢ ብትለው ግን በሰው ፊት በጥፊ እንደመታችው ነው። በዚያ ሰፈር ጥፊ የሚታጠበው በደም ነው።

ባራጋን ገባ። የቄራ አራጅ ነው፤ ባለፈው ክረምት፣ አብራው ስትኖር፣ የኤርሚንዳን መንጋጋ የሰበረው እሱ ነው። ሳቱርኒኖ ከመጠጥ ባንኮኒው አጠገብ ተነሣ።

ኤርሚንዳ ቸኮለች። ከአንድ ሰው ጋር መድረክ ላይ ከወጣች ባራጋን ሊነካት አይችልም፤ ጥንድ እየጨፈረ መሀል መግባት ነውር ነው። ወንድሟም ይረጋጋል። ከወንዶቹ ጀርባ የተቀመጡትን ሽማግሌ አናጢ ዶን ኢላሪዮን ትክ ብላ አየች። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ።

በሁለቱ መሀል ግን ባራጋን ቆሞ ነበር። ዓይኗን የእሱ አድርጎ ወሰደው። ፈገግ ብሎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ አዳራሹን በሙሉ አቋርጦ መጣ።

"ናፍቄሽ ነበር ማለት ነው፣ የኔ እመቤት?"

ሰው ሁሉ ያያል። እምቢ ብትል ጠቡ እዚያው ይፈነዳል። ተነሣች።

ባንዶኒዮኑ፣ የታንጎው አኮርዲዮን፣ አቃሰተ። ባራጋን ጨመቃት፤ የጎድን አጥንቷ ተንቋቋ። እግሩ ግን እንደ ድመት ነው፤ ድሮም የማረካት እሱ ነበር። በትከሻው አሻግራ ሳቱርኒኖን አየችው፦ ፊቱ አመድ መስሏል። ታርቃዋለች ብሎ አስቧል።

"ወንድምሽ ዛሬ ባዶ እጁን ነው" አለ ባራጋን በጆሮዋ። "በር ላይ ስትፈትሺው አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ! ዙሩ ሲያልቅ እንደ ጥጃ አርደዋለሁ፤ አንቺም ታይኛለሽ።"

"ተወው። እኔ ወደ ቤትህ እመለሳለሁ።"

"አንቺማ ትመለሻለሽ። ምን አማራጭ አለሽ?"

ሙዚቃው ወደ ማለቂያው ተጣደፈ። ግራ እጇ ከጀርባው ቀስ እያለ ወረደ። እንደምታባብለው መስሎት ሳቀ። ኮቱ ሥር፣ ቀበቶው ላይ የቄራ ቢላዋው እጀታ ነበር።

መዘዘችና ከጎድኑ በታች አስገባችው። ሳቁ ሳይጠፋ እግሩ ስቶ ረገጣት። ሁለተኛ ስትደግመው ፀጉሯን ይዞ አብሯት ወደቀ። ትኩስ ደም እስከ ክርኗ ወጣ፣ ዘፋኙ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሳቱርኒኖ ዘሎ ቢላዋውን ያዘ። "ልቀቂ! ወንድሜ ነው ያደረገው በይ!"

"ልቀቅ አንተ!"

ስለቱ መዳፉን ሸረከተው፤ አልለቀቀም። የእጁን አንጓ በጥርሷ ያዘችው። ጮኸና ለቀቀ።

"ሁላችሁም አይታችኋል!" አለች አፏ በደም እንደተለወሰ። "እኔ ነኝ!"

"አይተናል ልጄ" አሉ ዶን ኢላሪዮ። ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነው ሳቱርኒኖን ግድግዳው ላይ አጣበቁት። እንደ ኮርማ እየተንፈራገጠ ያለቅሳል። ውጭ የፖሊስ ፊሽካ ተሰማ።

ኤርሚንዳ ቢላዋውን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች።

"ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?" አለች። "ፖሊስ ሳይገባ ውሃ አምጡና ወንድሜን እጁን እጠቡልኝ!"