የሙኒር ቀኝ እግር

የካሚላ አባት ሙኒር አትክልት ተራ ሃያ ዓመት ኩንታል ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። አምና ከአይሱዙ ላይ በጀርባው ወደቀና ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከወገቡ በታች ያለው ገላው፣ የጎረቤት ይመስል፣ አይታዘዘውም።

ዛሬ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ማገገሚያ ውስጥ በማንጠልጠያ ቀበቶ ተይዞ ቆሟል። ራሱ ላይ ሽቦ የበዛበት ቆብ ደፍቷል፤ ወገቡ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ፕላስተሮች ተለጥፈውበታል። ቆቡ የመራመድ ሐሳቡን አንብቦ ለፕላስተሮቹ ያቀብላል፣ እነሱ ደግሞ እግሩን ይቀሰቅሳሉ። የተባለው እንዲህ ነበር። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆቡ ያነበበውን የምታሳየው የስክሪኑ መስመር ለጥ ብላ ተኝታለች። ዛሬም ካልተነሳች ቦታው ለሌላ ታማሚ ይሰጣል።

«ጋሽ ሙኒር፣ እግርዎን ያስቡ» አለች ባለሙያዋ ሉዋም።

«እያሰብኩ ነው እኮ ልጄ።»

መስመሯ ንቅንቅ አላለችም።

«አባዬ፣ ምን እያሰብክ ነው? እውነቱን!» አለች አጠገቡ የቆመችው ካሚላ።

«እግሬን ነዋ! እግር፣ እግር፣ እግር... እሱም ዝም፣ እኔም ዝም።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ደሞ እግሩን እያሰበ የሚሄድ ሰው የት አይተሻል? ኩንታል ተሸክመህ እግርህን ካሰብክማ ወደቅህ! እኛ የምናስበው የምናደርስበትን ነው።»

ካሚላ መቼም ምላስ አያንሳትም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የደላላ ድምፅ አወጣች።

«አንተ ሙኒር! ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ ቀለጠ እኮ! ዘውዲ ሱቅ ድረስ ነው፤ ታነሳለህ ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?»

«ኧረ ካሚላ፣ አባትሽን!» አለች ሉዋም ደንግጣ።

«ማነው ደሞ ሌላ ሰው?» ሙኒር አንገቱን ሰበር፣ ትከሻውን ሰፋ አደረገ። ዓይኑ ግድግዳውን አልፎ ሄደ። «ዞር በሉ! ሸክም ነው! ዞር በል አንተ ባለ ጃንጥላ!»

መስመሯ ብድግ አለች። ቀኝ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ታጠፈ፤ ጫማው ከወለሉ አንድ ጣት ያህል ተነሳና ፊት ለፊት አረፈ።

ሉዋም ስክሪኑን አየች፣ እግሩን አየች፣ ደግሞ ስክሪኑን።

«ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ» አለች። «ከዚያ በኋላም ይመጣሉ። ቦታው የእርስዎ ነው።»

ካሚላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ምን ያስለቅስሻል?» አላት አባቷ እያለከለከ። «ይልቅ ነይ ደግመሽ ተቆጪኝ፤ ግራው ገና አልሰማም።»