በጫማ የሚተኙት

ሃያ ሁለት ዓመት ጫማ ሰፍቻለሁ። ጫማ የጠላሁት ግን ታናሽ እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ጦርነት ሸሽታ ቤቴ የገባች ጊዜ ነው። ሦስቱም ጫማቸውን እንዳደረጉ ነበር የሚተኙት። መንደራቸው የተመታ ዕለት ከአልጋቸው ዘለው በባዶ እግራቸው ወጥተው ሁለት ቀን ሙሉ ጠጠርና እሾህ ረግጠዋል። ከዚያ ወዲህ እህቴ ጫማ ማውለቅን እርም አለች። አንሶላዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ፤ የልጆቹም ጣቶች ቆሳሰሉ።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሸለብ ሲያደርጋቸው የእህቴን ጫማ ቀስ ብዬ አወለቅሁና ሶሉን ልቀይርላት ቤቴ አጠገብ ወዳለው ሱቄ ወሰድኩት። ደግ መሥራቴ ነው እኮ! ማስቲሹ ሳይደርቅ ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ እህቴ ልጆቿን በሁለት እጇ እየጎተተች በባዶ እግሯ አስፋልቱን ታቋርጣለች። አንድ መኪና ለጥቂት ሳታት።

"ጫማዬን ወስደውታል! ሩጡ!" ትላለች።

ወሳጁ እኔ ነኝ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ጫማውን ሶሉ እንደተንጠለጠለ መለስኩላት።

ሰኞ ጠዋት የምክር አገልግሎት ወደሚሰጥበት ማዕከል ይዣቸው ሄድኩ። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፤ ለሁሉም ነገር "ቀስ በቀስ" ስለምትል በልቤ ወይዘሪት ቀስ-በቀስ ብዬ ስም አወጣሁላት። ክፍሏ ውስጥ ንጹሕ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በሩ ላይ "ጫማዎን ያውልቁ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እህቴ ወረቀቱን አይታ ወደ ኋላ አለች። ወይዘሪት ቀስ-በቀስ ወረቀቱን ገነጠለችው፤ የራሷንም ጫማ አጥልቃ ምንጣፉ ላይ ወጣች።

"ይግቡ፣ እንዳሉ ይግቡ" አለቻት።

ሲጨርሱ ጠጋ ብዬ፣ "ታዲያ መቼ ነው የምታወልቀው?" አልኳት።

"እሳቸው ሲፈልጉ ነዋ፣ ጋሼ። እርስዎ ብቻ ጫማውን እንዳይነኩት።"

ጫማ ሰፊን ጫማ አትንካ ትላለች! ንዴቴን ዋጥ አደረግሁ።

በየሳምንቱ እየሄዱ ያንን መንገድ ያወራሉ፣ ልጆቹ ይስሉታል። ባለሙያዋም "ዛሬ ጫማው ምን ያህል ቢርቅ ይችሉታል?" እያለች ትጠይቃለች። መጀመሪያ ማሰሪያው ላላ። ከወር በኋላ ጫማዎቹ ትራስ ሥር ገቡ፤ ከዚያ አልጋ ግርጌ ወረዱ። እኔ በየጠዋቱ በዓይኔ እለካለሁ፤ እጄን ግን አልዘረጋም።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ቤት ስገባ ሦስት ጥንድ ጫማ በሩ ሥር ተደርድሯል። ውስጥ ሦስቱም በባዶ እግራቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የእህቴ ጣቶች ከብርድ ልብሱ ወጣ ብለዋል፤ ጠባሳቸው ሳይቀር ይታያል። በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰው ያንን መንገድ ሄዶ እንዲህ መተኛት ከቻለ፣ እኔ ስለ ሰው የማውቀው ነገር የለም ማለት ነው። የራሴን ጫማ አወለቅሁና በእግር ጣቴ እየረገጥሁ ወጣሁ።

በማግስቱ እህቴ ነጠላ ጫማ አድርጋ ሱቄ መጣች። ያንን ጫማ በፌስታል ይዛለች።

"ወንድም ጋሼ፣ የጀመርከውን ሶል ጨርስልኝ እስቲ።"

እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ "መቼ ይድረስልሽ?" አልኳት።

በሃያ ሁለት ዓመት ያልቸኮለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። እህቴ ፌስታሉን አቀበለችኝና ለቀቀችው።

"ሲመችህ" አለች፤ "አልቸኩልም።"