ካርቦን የሰው ዘፈን ሲዘፍን

«ወንድሜ የራሱ ዘፈን የለውም የሚሉት ምቀኞች ናቸው» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠው መቅረጫ ጎንበስ ብሎ። «ነበረው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሠራው። አላወጣውም እንጂ።»

የሟቹ ሚስት የቡናውን ፔርሙዝ ታቅፋ ከጓዳ ስትወጣ ይህን ሰማችና ወንበሮቹ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች። በውሰት የመጡት የፕላስቲክ ወንበሮች ሳሎኑን ሞልተው እስከ ደረጃው ድረስ ተደርድረዋል። የተቀመጠባቸው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ልቅሶ ቤት ነዋ። ጮክ ብሎ የሚናገረው ርዕሰ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ሟቹ ፕሮግራም ሊሠራ ለመጣው የሬዲዮ ጋዜጠኛ መቅረጫ ብሎ።

ሟቹን ላላወቃችሁት ልንገራችሁ። ዕድሜ ልኩን ዘፋኝ ነበር፤ ዕድሜ ልኩንም አንድ የራሱ ዘፈን አልነበረውም። ሌሎች ዘፍነው የተዉትን፣ አቧራ የበላውን ዘፈን እያነሣ በራሱ ድምፅ እንደገና ያስቀርጽ ነበር። ለዚህ ነው ሰው «ካርቦን» ያለው፤ ወረቀት ሥር ገብቶ የላይኛውን ጽሕፈት የሚቀዳው ዓይነት። ሌላ ሰው ቢሆን በስድቡ አንገቱን ይደፋ ነበር። እሱ ካሴቱ ሽፋን ላይ በትልቁ አሳተመው። «ካርቦን ባይኖር» ይል ነበር፣ «ስንቱ ጽሑፍ አንድ ለናቱ ሆኖ ውኃ ይበላው ነበር።»

ሚስቱ የሱ ተቀባይ ነበረች። እሱ አንድ ስንኝ ሲል እሷ ከኋላ ትመልሳለች። ከሸክላ እስከ ካሴት፣ ከካሴት እስከ ሲዲ፣ እሱ ባስቀረጸው ሁሉ ውስጥ እሷ አለች። የሱ ሥራ የሚታፈርበት ነው ከተባለ የሷም ዕድሜ አብሮ መሄዱ ነው።

የባሏን ወንድም በዓይኗ ወደ ጓዳ ጠራችው።

«የቱን ዘፈን ነው የምታወራው?»

«እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። የቱን?»

«አንድ ሁለቱን ለኔ አንጎራጉሮልኛል።»

«መታጠቢያ ቤት ገብቶ እንኳ የሰው ዘፈን ነበር የሚያንጎራጉረው።»

ርዕሰ መምህሩ ክራባቱን ነካ ነካ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙ ሲቀበር እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። «ስድቡ አንቺ ላይ አልደረሰ ይሆናል» አለ። «እኔ ግን መምህራን ክፍል በገባሁ ቁጥር የካርቦን ወንድም መጣ ሲባል እየሰማሁ ነው ጡረታ የደረስኩት። ፕሮግራሙ ነገ ይተላለፋል፤ አገር ይሰማዋል። እንዲያው አንድ ጊዜ ደራሲ ተብሎ ቢጠራ ማንን ይጎዳል?»

«እሱን።»

«እሱማ ሞቷል፣ እትዬ።»

«ለዚህ እኮ ነው። ቢኖር ራሱ ይመልስልህ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር እሷም አንድ ሰሞን ይህንኑ ጠይቃዋለች። ገና ወጣቶች ሳሉ ነው። ጋዜጣ ላይ «የሰው ልብስ ለባሽ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ከቀረጻ ሲመለሱ ዝናብ አስገድዷቸው ዳቦ ቤት በር ላይ ተጠልለዋል። እሷ በንዴት ትንጨረጨራለች፤ እሱ ትኩስ ዳቦ እየቆረሰ ያጎርሳታል።

«አንተስ ለምን የራስህን አትሠራም?» አለችው።

በአገጩ ወደ ጋጋሪው አመለከታት። «ሂጂና ስንዴውን የፈጠርከው አንተ ነህ ወይ በይው። አይደለሁም ካለሽ ዳቦውን መልሺለት።»

አልመለሰችም። በላችው። ከዚያ ወዲህም አንሥታበት አታውቅም።

ይህን እያሰበች ሳለ ሳሎኑ ድንገት ጸጥ አለ። ብቅ ስትል አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ ይገባሉ። ወፊት ናቸው፤ በድምፃቸው ቅጥነት በልጅነታቸው የወጣላቸው ስም ነው። «የመስኮቱ ዘፈን» የሚባለውን መጀመሪያ የዘፈኑት እሳቸው ናቸው። ካርቦን ያንን ዘፈን በወጣትነቱም፣ በጎልማሳነቱም፣ ሲያረጅም አስቀርጾታል። እሳቸውም ባስቀረጸ ቁጥር ሬዲዮ ላይ ወጥተው ረግመውታል።

«እግዜር ያጽናሽ» አሉ ወንበር ሲይዙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ። «ዘፈኔን አበላሽቶብኛል። ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ስል ስል ቀደመኝ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወለል ወለሉን አየ።

«እማማ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ «አሁን ይሄ የሚነሣበት ሰዓት ነው?»

«መቼ ላንሣው ታዲያ፣ በኔ ቀብር ላይ?»

የሟቹ ሚስት ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ መጀመሪያዋ ነው። ሰው ሁሉ ሊያባብላት ሲመጣ እኚህ ሴት ሊጣሉት ነው የመጡት፤ የሚጣሉትም በሕይወት እንዳለ ሰው ነው። ፔርሙዙን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«አካሄዱ ነዋ። የኔ ዘፈን ይሮጥ ነበር። ልጅቷ የምትጠብቀው ሰው ሲመጣ በመስኮት አይታ ነው፤ ደስታ ነው። እሱ ሁለተኛው ቀረጻ ላይ ሬሳ እንደተሸከመ ሰው አስኬደው።»

«ያጓተትኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ። በእርስዎ ፍጥነት ትንፋሽ አጠረኝ። የባንዱ መሪ ሌላ ተቀባይ ትምጣ አለ። እሱ ደግሞ ዘፈኑ ይጠብቃት አለ።»

ወፊት ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «የመጨረሻውስ? በሹክሹክታ ያደረገው?»

«ጉሮሮውን ታሞ ነበር። የቀረው ድምፅ ያው ነበር። ሐኪሙ አትዝፈን ሲለው፣ እንግዲያው ሳያልቅ እናስቀርጸው ብሎኝ ከክሊኒኩ በቀጥታ ነው የሄድነው። መሐሉ ላይ የሚሰማው ሳቅ የኔ ነው። ቆርጠው ሊያወጡት ሲሉ እንቢ አለ።»

ጋዜጠኛው መቅረጫውን ቀስ አድርጎ ወደ ሴቶቹ ገፋው።

«እትዬ» አለ ርዕሰ መምህሩ።

እሷ ግን ቀና ብላ ጀምራለች። «ይቅረጹኝ። ባሌ አንድም የራሱ ዘፈን አልነበረውም። የተደበቀም፣ ሳይወጣ የቀረም የለም። የሰው ዘፈን ነው የዘፈነው፣ አላፈረበትም፤ እኔም አላፍርበትም። የዘፈኑ ባለቤት ቤት ድረስ ሄዶ ሳይዘፍንላቸው ያስቀረጸው የለም።»

«እኔ በር አልከፈትኩለትም» አሉ ወፊት።

«ደረጃው ላይ ቆሞ ዘፍኖልዎት መጣ። ቢጠሉት ኖሮ ወጥተው ይሰድቡኝ ነበር ነው ያለኝ።»

«ከበሩ ሥር ቆሜ ሰምቼዋለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ያን ዕለት በኔ አካሄድ ነበር የዘፈነው። ደኅና አድርጎ።»

«ደራሲ ነበር የሚል ካለ» ስትል ጨረሰች የሟቹ ሚስት፣ «የሞተበት ሌላ ሰው ነው።»

ወደ ርዕሰ መምህሩ አላየችም። ፔርሙዙን አንሥታ ቡና ቀዳችና ሰጠችው። ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ጋዜጠኛው ዞረ።

«ቅድም ያልኩትን አጥፋልኝ» አለ ጋዜጠኛውን።

«እሺ። ታዲያ ለነገ የትኛውን እናሰማ?»

«ሦስቱንም» አለች እሷ። «ሰዓት የለንም ካላችሁ ወሬያችሁን ቀንሱ።»

ከወንበሮቹ መሐል ሳቅ አመለጠ። ጋዜጠኛው በዚህ ተደፋፍሮ እዚያው ጥቂት እንዲዘፍኑለት ጠየቀ። ወፊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጀማሪዋ እሳቸው ናቸውና። አፋቸውን ሲከፍቱ የሟቹ ሚስት መዳፏን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች።

«የሱን ቦታ ይተዉለት» አለች።

አፋቸውን ገጠሙ። ወፊት በጣታቸው የከዘራቸውን ራስ መምታት ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ እርጉዝ ሴት ትንፋሽ እስክታገኝ በሚጠብቅ አካሄድ። የሱ ስንኝ ባዶውን አለፈ። የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ የሟቹ ሚስት አየር ስባ ተቀበለችው።