ለሐጂ ጆሮ የሚሆን መቅጃ

እትዬ ምስራ ስልካቸውን ነስረዲን ሱቅ መስታወት ላይ አኖሩና፣ «እስኪ ይኼን ስማው» አሉ።

ነስረዲን አንዋር መስጊድ ጀርባ ካሉት ጠባብ ሱቆች በአንዷ ካሜራና ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። የሚሰማው ከበሮ ነው፤ ከከበሮው ስር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ የሚመስል የሰው ድምፅ አለ።

«ማነው ዘፋኙ?»

«ልጄ ጠይብ። ድምፁ ግን እንዲህ አይደለም፤ ስልኩ ነው ያበላሸው። ደህና መቅጃ እፈልጋለሁ። ደግሞ ሰው የማያየው ይሁን።»

ነስረዲን ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ምነው? ምን ሊሰልሉ ነው?»

«ወላሂ አልቀልድም» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ ምስራ ባለቤት ሐጂ ቡርሃን ከወሎ መጥተው መርካቶ ከከተሙ ጀምሮ መንዙማ ሲያወጡ ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር። እትዬም መንዙማውን ከሚቀበሉት ሴቶች ግንባር ቀደም ነበሩ። ልጃቸው ጠይብ የቤተሰቡን የጨርቅ ሱቅ ትቶ ከባንድ ጋር መዝፈን ሲጀምር ግን ሐጂ፣ «በዚህ ቤት ስሙ አይነሳ» አሉ። ልጁም ኩሩ ነውና ጓዙን ይዞ ወጣ። ኋላ ሐጂ ግማሽ ጎናቸው ሰንፎ አልጋ ሲይዙ ሊጠይቃቸው መጣ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩበት። አሁን ዜማ ማውጣት አይሆንላቸውም። ጆሯቸው ግን ያው ነው። ሬዲዮ ላይ አንዱ ዜማ ሲያዛንፍ በደህናው እጃቸው ትራሱን ይመቱታል።

«ሐጂ ድምፁን አንድ ጊዜ በወጉ ቢሰሙት ልባቸው ይራራል» አሉ እትዬ። «ይኼን ባሰማቸው ግን ‹ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሚዘፍነው?› ነው የሚሉኝ። የሚዘፍንበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ መቅዳት ክልክል ነው። ከባንዱ ጋር አዲስ አልበም አላቸው፣ ቀድሞ እንዳይወጣባቸው ነው። ባለፈው ጥበቃው ‹እናቴ፣ ስልክዎን ይክተቱ› አለኝ። እኔ አልሸጠው፣ ከቤቴ አይወጣ። ልጁም እዚያ መሄዴን አያውቅም፤ ቢያየኝ ይረበሽብኛል።»

ነስረዲን ከዚያ በኋላ አልቀለደም። መጀመሪያ እስክሪብቶ የሚመስል መቅጃ አወጣ። እትዬ ወደዱት፤ ኪስ ላይ ሲሰካ ማንም አይጠረጥረውም። ማዶ ያለው ነጋዴ በትልቅ ስፒከር ሙዚቃ ለቋል፣ ተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ። በሩ ላይ ቆመው ቀዱበትና በጆሮ ማዳመጫ ሰሙት።

«ይኼ ይተነፍሳል» አሉ እትዬ ፊታቸውን አጨማድደው። «ከበሮ ሲመታ ዘፋኙን ይውጠዋል፣ ከበሮው ሲያርፍ መልሶ ይተፋዋል።»

«ልክ ነዎት። ለስብሰባ ነው የተሠራው፤ ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።»

ሁለተኛው ከላዩ ሁለት ማይክ እንደ በግ ቀንድ ያወጣ ነው። ድምፁስ ኩልል ያለ! እትዬ ሰምተው ሲያበቁ ወደ መስታወት ዞረው ሻርፓቸው ስር ሸጎጡት። ጉብታው የሕፃን ጭንቅላት አከለ።

«ይኼን ይዤ ብገባ ጥበቃው ‹ሕፃኗ ስንት ወሯ ነው?› ይለኛል» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሦስተኛው ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጥ ነበር። ማይኮቹ አናቱ ላይ ተቀብረዋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ የድምፁም መጠን በእጅ ይስተካከላል። ነስረዲን መጠኑን ራሱ አስተካከለላቸው። «ዝቅ አድርገው ይቅዱ፣ እትዬ። ዝቅ ያለ ድምፅ ኋላ ከፍ ይደረጋል፤ አንዴ የፈነዳ ግን አይመለስም። ስፒከሩ ስር አይቀመጡ። ከመሀል፣ ፊት ለፊት ይሁኑ።»

እትዬ ገዙት፤ በዚያ ግን አላበቁም። ቤት ገብተው መቅጃውን ሻርፓቸው ስር አድርገው ሲሞክሩት ጨርቁ በተነቃነቁ ቁጥር ሸር ሸር ይላል። ጨርቅ ደግሞ ሥራቸው ነው። ከሱቃቸው መደርደሪያ አንዱን እያወረዱ ሌላውን እየሰቀሉ መቅጃው ላይ አሹት። የሚያብረቀርቀው ሁሉ ይጮሃል። በመጨረሻ አንድ ስስ የጥጥ ሻርፕ ዝም አለ። ከእሱ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ኪስ ሰፉና መቅጃውን አናቱን ወደ ፊት አድርገው ከተቱት።

እሑድ ከሰዓት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለው አዳራሽ ደረሱ። ጥበቃው ቦርሳቸውን በረበረ፤ ከመሀረብና ከተስቢህ መቁጠሪያ በቀር የለም። መሀል ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረው ጎረምሳ ገና ዘፈኑ ሳይጀመር ማጨብጨብ ሲጀምር፣ «ልጄ፣ ራሴን አሞኛል፣ ቀስ በልልኝ» አሉት። እሱም አፍሮ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ።

ጠይብ ወጣ፤ ከስቷል። እትዬ ትከሻቸውን ድንጋይ አድርገው ተቀመጡ። በልጃቸው ዘፈን ሰው ሲነሳ አልተነሱም፣ እልል ሲል አላሉም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ከፍ ሊል ሲል ተሰበረ፤ ያኔ እንኳ ትከሻቸውን አላነቃነቁም።

ከዚያ ጠይብ ባንዱን በእጁ አስቆመ። «አሁን የማዜመው ቤታችን ያደግኩበትን ነው» አለና አንድ መንዙማ ያለ መሣሪያ አነሳ። አንዱን ስንኝ አውጥቶ ተቀባይ ጠበቀ። ሕዝቡ ዜማውን አያውቀውም፤ ወዲያ ወዲህ ይንጫጫል። ጠይብ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ እትዬ ምስራ መቅጃውንም፣ መደበቁንም ረስተው ተቀበሉት። ዕድሜ ያሻከረው ግን ያልተዛነፈ ድምፅ ከመሀል ወጣ።

ጠይብ ደነገጠ። ማን እንደሆነች ለማወቅ ማየት አላስፈለገውም። ዓይኑን ጨፍኖ ቀጣዩን ስንኝ አወጣ፤ እሳቸውም ተቀበሉ። እስኪያበቃ ድረስ እንዲሁ ሆነ።

ሲያልቅ ደጅ ላይ ደረሰባቸው። «እማ! አንቺ ነሽ አይደል?»

«ነኝ። ቀድቼሃለሁም» አሉ፤ ኪሱን ከፍተው አሳዩት።

«መቅዳት እኮ ክልክል ነው። ከልጆቹ ጋር ተስማምተናል፤ ምን እላቸዋለሁ?»

«ለአባትህ ነው በላቸው።»

ጠይብ መቅጃውን በጣቱ ነካ። «ሦስተኛዋን አጥፊያት እንግዲህ። ድምፄ ተሰብሯል።»

«አላጠፋም። ጎደሎ አላሰማቸውም፤ እንዳለህ ይስሙህ።»

ቤት እንደገቡ መቅጃውን ከሐጂ ራስጌ ስፒከር ጋር አያያዙት። «ሐጂ፣ ጠይብ ነው» አሉ በግልጽ። «ካልፈለጉ ይንገሩኝ፤ እዘጋዋለሁ።»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዝጊው ግን አላሉም። አንዱ ዘፈን አለቀ፣ ሌላው ተከተለ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ሲሰበር እጃቸው ትራሱን መታ። መንዙማው ሲጀምር ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ ከልጁ ድምፅ ይልቅ ቀርቦና ጎልቶ የእትዬ ድምፅ ገባ።

ሐጂ ቀስ ብለው ዞሩ። «ይኼ ያንቺ ነው።»

«አዎ። መቅጃው እኔ ትከሻ ላይ ነበር።»

«ካዜምሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«እርስዎ ካቆሙ።»

ሐጂ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያበቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትንፋሹን ያባክናል። ስንኙ መሀል ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ማንም አላስተማረው።» ቀጥለውም፦ «ጁምዓ ይምጣ። ለትንፋሹ ነው፤ ሌላ እንዳይመስለው።»

እትዬ ምስራ እዚያው አልጋው አጠገብ እንደቆሙ ደወሉ።

«አባባ ምን አሉ?» አለ ጠይብ።

«ትንፋሽህን ታባክናለህ አሉ። ጁምዓ መጥተህ ተማር።»

በስልኩ ውስጥ ጊታር የሚነካካ ሰው ይሰማል። ጠይብ «አንዴ ዝም በል» ሲለው ሰሙ።

«ከሰላት በፊት ልምጣ ወይስ በኋላ?» አለ።